60 ሰዓቱ የት ገባ?

ስለ መምህራን የሙያ ፈቃድ በየገጹ የሚጻፈውን እያነበብኩ ነው። ግማሹ «መምህሩ መማር አይፈልግም፣ ፈተና ይፈራል» ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ «ፈቃድ ምናምን የሚሉት እኛን ለማባረር ነው» ይላል። እኔ 14 ዓመት ጠመኔ ይዤ የቆምኩ መምህር ነኝ። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከሁሉ በፊት አቋሜን ልናገር። የሙያ ፈቃድን አልቃወምም። ሐኪሙም ነርሷም ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ተከታታይ ስልጠና መውሰድ ግዴታቸው ነው። መምህሩ ከዚህ ነጻ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። መጽሐፍ ሳይኖር፣ ቤተ ሙከራ ሳይኖር፣ በአንድ ክፍል 70 እና 80 ልጅ ታጭቆ ጥፋቱን ሁሉ መምህሩ ላይ መጫን ግፍ ነው። ግን «እኛን አይመለከተንም» ማለትም አያስኬድም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለማታውቁት፣ ተሙማ የሚባል ነገር አለ፤ ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ። መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን ማሻሻል አለበት። ጀማሪ ሲሆን ደግሞ ለሁለት ዓመት ሜንተር ተመድቦለት በሙያ ትውውቅ ያልፋል። ይህ ሁሉ በፖርትፎሊዮ ይሰነዳል። ፖርትፎሊዮው ለሙያ ፈቃድ ይታያል፣ ለደረጃ እድገትም ይታያል። ከጀማሪ መምህር ተነስቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ በሚሄደው መሰላል ላይ መውጣት ማለት ደሞዝ ማለት ነው። ስለዚህ ስልጠናው ከእንጀራ ጋር ታስሯል።

በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። እንዲያውም ብዙ አይደለም። 60 ሰዓት ለ10 ወር ሲካፈል በወር 6 ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ይህን ያህል ጊዜ ተቀምጠን ስለ ማስተማር ብንነጋገር በአምስት ዓመት 300 ሰዓት ይሆን ነበር። 300 ሰዓት የተማረ ሰው ይለወጣል። እኛ ተለውጠናል ወይ? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

60 ሰዓቱ የት እንደገባ ልንገራችሁ። ኮፒ ቤት ገባ። ግንቦት ላይ በትምህርት ቤት አካባቢ ያለ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ሂዱ። «የተሙማ ዕቅድ አለ፣ ተግባራዊ ምርምርም አለ፣ ፍላሽ አምጣ» ይሏችኋል። ስምና የትምህርት ዓይነት ቀይሮ ማተም ነው። የኬሚስትሪ መምህር ዕቅድ ውስጥ «የተማሪዎችን የሰዋስው ችግር መቅረፍ» የሚል ዓላማ ተጽፎ በዓይኔ አይቻለሁ። ፊርማ አለው፣ ማህተም አለው። አንብቦ «ይሄ ምንድን ነው?» ያለ አንድም ሰው የለም።

ይህን ሳነሳ «አንተ ደግሞ ጓደኞችህን ታጋልጣለህ» የሚል አይጠፋም። ኮፒ የሚያደርገውን መምህር ነጻ አላወጣውም፤ ልጆችን «አትኮርጁ» እያለ ራሱ የሚኮርጅ ሰው ያሳፍራል። ግን እስቲ ለምን እንደሚኮርጅ ጠይቁ። የሚመዝነው አካል የሚቆጥረው ገጽ ነው። ክፍል ገብቶ ያየው የለም። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ መዝገብ ቤት ይቀመጣል፣ ፋይል ያገላብጣል፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ክፍልፋይ ለማስረዳት ብርቱካን ገዝቶ ክፍል የገባው መምህርና የሰው ዕቅድ ያተመው መምህር አንድ ዓይነት ነጥብ ካገኙ፣ በሚቀጥለው ዓመት ብርቱካን የሚገዛ አይኖርም።

ሁለተኛው ችግር ጊዜው ነው። በሳምንት 25 እና ከዚያ በላይ ክፍለ ጊዜ እያስተማረ፣ የስም ጠሪነት ሥራ እየሠራ፣ የብዙ መቶ ልጆች ፈተና እያረመ፣ ከሰዓት በኋላ ኑሮ ስላልሞላለት የሰው ቤት ሄዶ የሚያስጠና መምህር 60 ሰዓቱን ከየት ያመጣዋል? ፕሮግራሙ ላይ የተመደበ ሰዓት የለም። «በትርፍ ጊዜህ» ይባላል። ትርፍ ጊዜውን ያየው ሰው ካለ ያሳየኝ!

ሦስተኛው፣ ክፍያው ነው። ክረምት ክረምት እየተመላለሰ፣ ዶርም እየተጋፋ፣ ሐምሌና ነሐሴን ከልጆቹ ተለይቶ ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ ያሳደገ መምህር መረጃውን ሲያስገባ «በጀት የለም፣ ለሚቀጥለው ዓመት» ይባላል። የደረጃ እድገቱም እንዲሁ ነው። መስፈርቱን ያሟላበት ቀን ሌላ፣ ደብዳቤው የሚደርስበት ቀን ሌላ፣ ገንዘቡ የሚገባበት ቀን ሌላ። በመሃል ያለፈው ወር ሁሉ ተበልቶ ይቀራል። እኔ ባለሁበት አካባቢ ደብዳቤውን ከያዘ ከዓመት በኋላ ጭማሪውን ያየ ባልደረባ አለኝ፤ የኋላውን ማንም አልከፈለውም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ምን ያህል እንደወረደ ታውቃላችሁ። ዓመት ዘግይቶ የመጣ ጭማሪ ጭማሪ አይደለም።

«መንግሥት ድሃ ነው፣ ከየት ያምጣ?» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። መልሴ አጭር ነው። የማትከፍለውን አትማል። መስፈርት አውጥተህ፣ አሠርተህ፣ ፈርመህ፣ ከዚያ በጀት የለም ካልክ መምህሩ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ መማር ዋጋ እንደሌለው። ይህንን ደግሞ ሳያውቀው ለልጆቹ ያስተላልፈዋል።

እንግዲህ ማማረር ብቻ እንዳይሆን፣ መሆን አለበት የምለውን ልጻፍ።

1. ከ60ው ሰዓት ቢያንስ ግማሹ ክፍል ውስጥ ይሁን። መምህር የመምህርን ክፍል ገብቶ ይይ፣ ከዚያ ተቀምጠው ይነጋገሩ። የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ወንበር ነው።

2. ፖርትፎሊዮ ያስገባ ሁሉ 20 ደቂቃ በቃል ይጠየቅ። የሚጠይቀውም የትምህርት ዓይነቱን የሚያውቅ ሰው ይሁን። የሠራው ሰው ሲናገር ይታወቃል፣ ያሳተመውም ይታወቃል። ኮፒ ቤቱ በአንድ ወር ይዘጋል።

3. ሰዓቱ በሥራ ፕሮግራም ውስጥ ይግባ። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ለዚህ ተብሎ ይያዝ።

4. ክፍያው መስፈርቱ ከተሟላበት ቀን ጀምሮ ይታሰብ። ከዘገየ ውዝፉ ይከፈል።

5. መሪ መምህር የሚባለው ይምራ። ዛሬ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ልክ እንደ ጀማሪው ያንኑ ክፍለ ጊዜ ይጮሃል። ጭነቱ ይቀነስለትና ጀማሪዎቹን ያብቃ። አለበለዚያ ጎበዙ ሁሉ ሱፐርቫይዘር ወይም ርዕሰ መምህር ለመሆን ከክፍል ይሸሻል፤ እየሸሸም ነው።

ለመምህራን ማህበራችንም አንድ ቃል አለኝ። ስለ ደሞዝ ስትጮሁ ከጎናችሁ ነኝ። ነገር ግን የሥልጠናውን ጥራት ዝም ብላችሁ ደሞዙን ብቻ ስትጠይቁ፣ ሕዝቡ «እነዚህ ገንዘብ ብቻ ነው የሚያውቁት» ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ጠይቁ። «በእውነት አስተምሩን፣ በእውነት መዝኑን፣ በእውነት ክፈሉን።» ይህን የሚል መምህር ፊት የትኛውም ቢሮ መልስ ያጣል።

መምህራን፣ እናንተ ጋ ተሙማ እንዴት ነው የሚሠራው? በደንብ የሚሠራበት ትምህርት ቤት ካለም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ከእነሱ መማር እፈልጋለሁ። የወረዳና የክፍለ ከተማ ባለሙያዎችም ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። መሳደብ ግን አይቻልም፣ አጠፋዋለሁ።