ወንበሩ ለማን ተሰጠ?



ባለፈው ወር አምስት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን «ዋይልድ ዋይልድ ካንትሪ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም በሦስት ማታ አይተን ጨረስን። በ2018 የወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ስድስት ክፍል ያለው፣ በዚያው ዓመት የኤሚ ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። የፊልም ክበባችን ለመላው ሠልጣኝ ሊያሳየው ማሰቡን ስለ ሰማን፣ ከመታየቱ በፊት የምንለው አለን።

ላላያችሁት ባጭሩ እንንገራችሁ። በኋላ ኦሾ የተባለው ባግዋን ሽሪ ራጅኒሽ፣ የወላጆቻቸው ኑሮ የሰለቻቸውን የሂፒ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች በብዛት ያስከተለ ሕንዳዊ የመንፈስ አስተማሪ ነበር። ተከታዮቹ በ1981 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት 64 ሺህ ኤከር የከብት እርባታ መሬት ገዝተው ከተማ ቆረቆሩ። ጎረቤታቸው አንቴሎፕ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። ጠቡ ከዚያ ጀመረ፤ የቀረውን ፊልሙ ይነግራችኋል።

እኛን ያከራከረን በ1984 የሆነው ነው። የራጅኒሽ ሰዎች የአውራጃውን ምርጫ ለማሸነፍ ድምፅ አነሳቸው። ታዲያ ምን አደረጉ? አውቶቡስ ልከው፣ መጠለያ የሌላቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከየትላልቁ ከተማ ጎዳና ሰበሰቡ። ምግብም ማደሪያም ተሰጣቸው። ከመካከላቸው ብዙ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱም ነበሩባቸው። ረብሻ ሲፈራ በሚጠጡት ቢራ ውስጥ ማስታገሻ መድኃኒት እንደ ተጨመረባቸው እዚያው ፊልሙ ላይ ይነገራል። የመራጮች ምዝገባ ሲታገድ ደግሞ ሰዎቹ የማይፈለጉ ሆኑ፤ ብዙዎቹ ተጭነው በአቅራቢያው ባሉ ከተሞች ተራገፉ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ፊልሙ ከስድስት ሰዓት በላይ ነው። የራጅኒሽ ጸሐፊ የነበረችው ሺላ፣ በ10 ምግብ ቤቶች ሰላጣ ላይ ባክቴሪያ ተጨምሮ 751 ሰው በታመመበት ጉዳይ ታስራ የወጣችው ማለት ነው፣ ወንበሯ ላይ ተደላድላ እንደ ልቧ ትናገራለች። የራጅኒሽ ጠበቃ ይናገራል። የአንቴሎፕ ሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ ዐቃቤ ሕጎቹም እንደዚሁ። ከነዚያ በሺህ ከሚቆጠሩት መካከል ግን ወንበር ተሰጥቶት «እኔ እንዲህ ሆንኩ» የሚል አንድም ሰው የለም። በድሮ የቴሌቪዥን ዜና ብቅ ይሉና ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፣ ሁለት ቃል ይናገራሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ።

ከመካከላችን አንዱ፣ «ምን ጎደለ? መሪው ሕንዳዊ፣ ጸሐፊዋ ሕንዳዊት፣ ጥቁሩም ነጩም አለበት» ሲል ተከራከረን። ልክ ነው፣ መልኩ አለ። ድምፁስ? «አድራሻ የሌለውን ሰው ከ30 ዓመት በኋላ ከየት ያምጡት?» አለ ደግሞ። ይሄኛው ክርክር ይከብዳል፤ አንንቀውም። ግን ካልተገኙ ፊልሙ ያንኑ ሊነግረን ይገባ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኛም እስከ ሁለተኛው ማታ አላስተዋልነውም። ሺላ ታስቃለቻ! በሦስተኛው ማታ ነው አንዷ ጓደኛችን «ልጆቹስ? እነሱን የሚጠይቅ የለም?» ያለችው። መምህር ልንሆን ስድስት ሰዓት ሙሉ ይህን ሳንጠይቅ መቀመጣችን አሳፈረን። በዚያ ማኅበር ያደጉት ልጆች የደረሰባቸውን ጥቃት ራሳቸው የተናገሩበት «ችልድረን ኦቭ ዘ ከልት» የተባለው ፊልም የወጣው በ2024 ነው። ከአዘጋጆቹ አንዷ ራሷ እዚያ ያደገች ናት።

በሌላው ለመፍረድ ግን አንቸኩል። በልምምድ ማስተማር ጊዜ እጁን የሚያወጣውን የፊት ረድፍ ብቻ ስንጠይቅ ከርመን «ክፍሉ በሙሉ ገብቶታል» ብለን የጻፍነው እኛው ነን።

ፊልሙ ይታይ፣ አንከለክልም። ነገር ግን የአውቶቡሶቹ ታሪክ ያለበት ክፍል እንዳለቀ መብራቱ ይብራና ለክርክር ግማሽ ሰዓት ይሰጠን። መምህሮቻችንም ከኋላ ቆማችሁ አትዩን፣ ገብታችሁ ተከራከሩን። ክበቡ ከተስማማ፣ ወንበር የመደርደሩን ሥራ እኛ አምስታችን እንወስዳለን።