ስለ ስምና ስለ ፊደላችን

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የኢንተርኔትን ስም ግን ሰው ስለሚያወጣው፥ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ለቤተ ሰብ ሁሉ ተገቢ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን አንድን ሰው በስሙ፥ በአባቱና በአያቱ ስም እንለየዋለን። የኢንተርኔት ስምም እንደዚሁ በነጥብ ተከፍሎ ይጻፋል፤ የመጨረሻው እንደ አያት ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን ብንመለከት፥ ስሙ «ኤችዩ»፥ አባቱ «ኢዲዩ»፥ አያቱ «ኢቲ» ነው። ይህ «ኢቲ» የተባለው ለአገራችን የተሰጠው በ1988 ዓ.ም. ነበር።

ቀድሞ፥ ከየአገሩ ስም በቀር፥ እንዲህ ያሉት አያቶች 22 ብቻ ነበሩ። ስሞቹን የሚያስተዳድረው አይካን በ2004 ዓ.ም. በሩን ቢከፍት 1,930 ማመልከቻ ቀረበለት፤ ከ1,200 የሚበልጡትም ገቡ። የአንዱ ማመልከቻ ዋጋ 185,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ለሁለተኛው ዙር 227,000 ሆኖ ተወሰነ።

ግብፅና ሳዑዲ ዓረቢያ በ2002 ዓ.ም. የአገራቸውን ስም በዓረብኛ ፊደል አስገብተዋል። ለእኛም ፊደል ዐዋቂዎች ተሰብስበው ያዘጋጁት ደንብ በ2009 ዓ.ም. ተቀባይነት አገኘ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ከተማችንን አንዱ በሐመሩ ሐ «ሐዋሳ»፥ ሌላው በሃሌታው ሀ «ሀዋሳ» ብሎ ይጽፋታል። ጆሮ አንድ ብሎ የሚሰማውን መኪናው ሁለት አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እንግዲህ አንዱን መልክ የከተማው ሰው ቢይዝ፥ ሁለተኛውን አታላይ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ደንቡ በድምፅ አንድ የሆኑትን ፊደላት እንደ አንድ ቈጠራቸው፤ አንዱ ከተሰጠ ሌላው ለባዕድ አይሰጥም።

ነገር ግን ይህ ደንብ የሚጠብቀው አያቱን ብቻ ነው። ከፊቱ ያሉትን ስሞች የሚጠብቅ የየአያቱ አስተዳዳሪ ነው፤ የአንዱም ጥንቃቄ ከሌላው ይለያያል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ገንዘብ ወይም የምሥጢር ቃል የሚጠይቅ መልእክት ወደ ቤታችሁ ሲመጣ ስሙን ከመጨረሻው ጀምራችሁ መርምሩ። አጀማመሩ የመሥሪያ ቤት ስም ቢመስልም፥ አያቱ እናንተ የምታውቁት ካልሆነ አትመልሱለት፤ መሥሪያ ቤቱን በቀድሞው ስልኩ ጠይቁ። ልጆቻችሁንም ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፥ ጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ እንዲለዩ አስተምሩ። ይህ ትምህርት ዛሬ ለድጓ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን፥ የቤቱን ገንዘብ ለሚጠብቅ ሁሉ ይጠቅማል።