የቴሌቪዥን ፕሮግራም መራጭና የነጋዴው ድርሻ

በንግድ ዓለም ዕቃ መሥራት ብቻውን ሙያ አይደለም፤ የትኛው ዕቃ በየትኛው ቀን ለገበያ ቢቀርብ ገዢ እንደሚያገኝ ዐውቆ መምረጥም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የደጋው እህልና የአፋር ቆላ ግመል በየሰኞው የሚገናኙባት የባቲ ከተማ ነጋዴ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። በቴሌቪዥን ጣቢያም ይህን ሥራ የሚሠራው የፕሮግራም ኀላፊው ነው። እርሱ የመረጠው ፕሮግራም ተመልካችን ይሰበስባል፤ ተመልካች በተሰበሰበበትም ሰዓት ነጋዴው ገንዘብ ከፍሎ ማስታወቂያውን ያስነግራል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሕዝቡ የሚያየው የመንግሥቱን ጣቢያ ብቻ ስለ ነበረ፣ መራጩም አንድ ነበር። በሳተላይት የሚሠራጩ የግል ጣቢያዎች ከመጡ ወዲህ ግን ተመልካቹ አማራጭ አገኘ። ከእነዚህም መካከል በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ በማቅረቡ ብዙ ተመልካች ለማፍራት ቻለ።

ከቃና መሥራቾች አንዱ አቶ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ናቸው። አቶ ዘረሰናይ የፊልም ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው ወደ አገራቸው በመመለስ «ድፍረት» የተባለውን የአማርኛ ፊልም ሠሩ፤ ፊልሙም በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም በዓላት የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። እንግዲህ እኒህ ሰው በመጀመሪያ አገር በቀል ሥራን ወደ ውጭ ያወጡ ላኪ፣ ቀጥሎም የውጭ ሥራን ወደ አገር ካስገቡት መካከል አንዱ አስመጪ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሁለቱን የንግድ በሮች የቀመሰ ሰው የሥራ ታሪክ ለእኛ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

የውጭ ድራማ ለምን እንደሚመረጥ ለነጋዴ ማስረዳት አያስቸግርም። ድራማው በተሠራበት አገር ወጪውን አስቀድሞ የመለሰ ስለሚሆን፣ የማሳያ ፈቃዱን መግዛት አዲስ ድራማ ከመሥራት ይልቅ ይረክሳል። ክፍሎቹም ብዙ ስለሆኑ ማታ ማታ በአንድ ሰዓት ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ይህም ተመልካቹን ያስለምዳል፤ ማስታወቂያ አስነጋሪም የሚፈልገው የለመደ ተመልካችን ነው።

ቃና ሥራውን በጀመረ ጊዜ ብዙ የአገራችን የኪነ ጥበብ ሰዎች ገበያችን ይወሰድብናል ሲሉ ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ በር መዝጋት መድኀኒት ነው ብለን አናምንም። የውጭውን ድራማ በአማርኛ ለማናገር ተርጓሚ፣ ድምፅ ሰጪና የድምፅ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ሥራው በአገር ውስጥ ሲሠራ ደመወዙም ሙያውም በአገር ውስጥ ይቀራል። ነገር ግን ድርሰት መድረስ፣ ካሜራ ማንሳት፣ ልብስና ቤት ማሰናዳት በዚህ መንገድ አይለመዱም። ስለዚህ አስመጪው የሚመዘነው ባስገባው ዕቃ ብዛት ሳይሆን በአገሩ ውስጥ በተከለው ሙያ ነው።

የአገር ታሪክ ገበያ የለውም የሚል ቢኖር የሚስተር ፍሬድ ሲልቨርማንን ሥራ ይመልከት። እኒህ አሜሪካዊ ሲ.ቢ.ኤስ.፣ ኤ.ቢ.ሲ. እና ኤን.ቢ.ሲ. በተባሉት በሦስቱም ታላላቅ ጣቢያዎች ፕሮግራም በመምረጥ የታወቁ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. በኤ.ቢ.ሲ. ሳሉ፣ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ቤተሰብን ታሪክ ከአፍሪካ ጀምሮ የሚተርከውን «ሩትስ» በተከታታይ ስምንት ሌሊት እንዲታይ አደረጉ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም ተመለከተው። እኒሁ ሰው ከ1970 እስከ 1973 ዓ.ም. ኤን.ቢ.ሲ.ን ሲመሩ ግን ያ ዕድል አልቀናቸውም። ምርጫ ሁልጊዜ አያተርፍም፤ የራስን ታሪክ ማቅረብ ግን ኪሣራ ነው የሚለው አባባል ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል።

ከዚህ የተነሣ ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ማስታወቂያ ስታስነግሩ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ፤ ገንዘባችሁ ከየትኛው ፕሮግራም ጋር እንደሚውል ጠይቁ። ከማስታወቂያ በጀታችሁም ከፊሉን በአገር ውስጥ ለተሠራ ፕሮግራም መድቡ። አንዱ ሱቅ ብቻውን የማይችለውን ብዙ ሱቆች በማኅበር ሆነው ይችሉታል። ፕሮግራም መራጩ የሚሰማው የተመልካቹንና የከፋዩን ድምፅ ነውና፣ ከፋዩ ዝም ካለ ጥፋቱ የመራጩ ብቻ አይሆንም።

ይህን ስንል የባቲ ሰው ባዕድ ነገር እንደማይሰማው እናምናለን። ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከሚቆጠሩት ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ በከተማችን ስም «ባቲ» ተብሎ ይጠራል። ስሟ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ሁሉ የሚጠራ ከተማ፣ አማርኛው፣ ኦሮምኛውና አፋርኛው በአንድ ገበያ የሚነገርባት ከተማ፣ በቴሌቪዥን የሚቀርብ ታሪክ ከሌላ አገር ብቻ መጠበቅ አይገባትም።