ጅብ ከሄደ የጮኹ ብዕሮች

የስፖርት ጸሐፊ ተጫዋችን አይተች አላልንም። ይተች፤ እንጀራው ነው። እኛ የምንለው ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ሚዛን ያዡም ራሱ ይመዘን ነው። የአሜሪካ ቤዝቦል ጸሐፊዎች ይህን አላደረጉም። ምስክራችን የባሪ ቦንድስ ጉዳይ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ኳሷን በዱላ መትቶ ከአጥር ማዶ ማሳረፍ ሆም ራን ይባላል። ቦንድስ በተጫዋችነት ዘመኑ 762 ሆም ራን መትቷል፤ በ2001 ብቻ 73። ሁለቱም ክብረ ወሰን ናቸው። “በአበረታች መድኃኒት ነው” የሚለው ክስ ግን እስከዛሬ አልለቀቀውም።

የየሊጉን የዓመቱ ኮከብ የሚመርጠው የቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ከ2001 እስከ 2004 አራት ዓመት በተከታታይ ቦንድስን ሸለመ። ባልኮ የተባለው ላቦራቶሪ በመርማሪዎች የተፈተሸው በ2003 ነው፤ የቦንድስም ስም ያኔውኑ ተነስቷል። የ2004 ሽልማት ግን አልቀረበትም።

ከዚያስ? የዚሁ ማኅበር መራጮች የዝና አዳራሹን በር ዘጉበት። ለመግባት 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ቦንድስ በ2022፣ በአሥረኛውና በመጨረሻው ዕድሉ፣ 66 በመቶ አገኘ። በዚያው ምርጫ ዴቪድ ኦርቲዝ በመጀመሪያ ሙከራው ገባ። የኦርቲዝ ስም በ2003ቱ የመድኃኒት ምርመራ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ኒው ዮርክ ታይምስ በ2009 ዘግቦ ነበር። እሱ ስቴሮይድ አልተጠቀምኩም አለ፤ አመኑት። ቦንድስም የተሰጠኝን ምንነቱን አላወቅሁም ብሎ መመስከሩ ተዘግቧል፤ እሱን አላመኑትም።

በቦንድስ ላይ ያለው ማስረጃ ይከብዳል ትሉን ይሆናል። እንቀበላለን። ግን ልዩነቱ ይኼ ብቻ ነው? ኦርቲዝ ሳቂታ ነው፣ ለጋዜጠኛ ይመቻል። ቦንድስ ጋዜጠኛ ይገላምጥ ነበር። ግልምጫ የጸሐፊን ክብር ይነካ ይሆናል እንጂ የጨዋታ ሕግ አያፈርስም።

ደግሞስ ያኔ ደፍሮ የጻፈው ምን ገጠመው? በ1998 ማርክ ማግዋየር 70 ሆም ራን በመታበት ዓመት፣ የአሶሼትድ ፕሬሱ ስቲቭ ዊልስታይን በተጫዋቹ ሎከር ውስጥ የአንድሮስተንዲዮን ጠርሙስ አይቶ ጻፈ። መድኃኒቱን ሊጉ ገና አልከለከለውም ነበር። ዊልስታይን ግን የሰው ጓዳ ጎበኘህ ተብሎ ከገዛ የሙያ ጓደኞቹ ሳይቀር ተወቀሰ። ማግዋየር ስቴሮይድ መጠቀሙን ያመነው በ2010 ነው።

ያን ዘመን በኮሚሽነርነት የመራው ባድ ሲሊግስ? በሌላ ኮሚቴ ተመርጦ በ2017 አዳራሹ ገባ። ሹሙ ይሞገሳል፣ ተጫዋቹ ይቀጣል፣ ያጨበጨበው ጸሐፊ ዳኛ ይሆናል። ፍርድ እንዲህ ነው እንዴ?

ቦንድስ ንጹሕ ነው እያልን አይደለም። ጥፋት ካለ ከነተባባሪው ይነገር ነው የምንለው። ማኅበሩ የድምፅ ወረቀቶች ሁሉ ይፋ እንዲሆኑ በ2016 ወስኖ ነበር፤ አዳራሹ በ2017 እምቢ አለ። ያም ሆኖ አንድ ጸሐፊ የራሱን ድምፅ ለማሳወቅ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ስለዚህ ማንን ለምን እንደጣላችሁ ጻፉ። አጠገቡም በ1998 እና በ2001 የጻፋችሁትን ለጥፉልን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ጅቡ ግቢ ውስጥ ሳለ የት ነበራችሁ?