ጋንጅስ ምንጭ ድረስ በ10 ሜትር አስፋልት?

ትናንት የለጠፍኩት የሂማላያ ፎቶ ሥር ሁለት ዓይነት ኮሜንት መጣ። አንደኛው «ውሃ ለሚያመልኩ ምን ታዝንላቸዋለህ?» የሚል ነው። ከሱ ጋር አልከራከርም። ግሽ ዓባይ ወርዶ ጸበል በጄሪካን ሞልቶ የሚመለስ ሰው ባለበት አገር ተቀምጦ በሌላው ምንጭ መሳቅ ያስተዛዝባል። (እምነቱ አንድ ነው አላልኩም፣ ቃሌን እንዳታጣምሙብኝ።)

ሁለተኛው የድሮ ተማሪዬ ነው፤ እሱ ቁም ነገር ይዟል። «ቲቸር፣ መንገድ ተሠራ ተብሎ ይማረራል እንዴ? አሮጊቶች በእግራቸው ሲወጡ ይሙቱ?» ይላል።

እሺ፣ እንነጋገር። ሰሜን ህንድ ኡታራክሃንድ ውስጥ ሂንዱዎች የሚሳለሟቸው አራት ቦታዎች አሉ፤ ያሙኖትሪ፣ ጋንጎትሪ፣ ኬዳርናት፣ ባድሪናት። ከጋንጎትሪ ቤተ መቅደስ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ሲወጣ ጋውሙክ ይደረሳል፣ «የላም አፍ» ማለት ነው። የጋንጅስ ዋና ምንጭ የሚባለው ባጊራቲ ከበረዶ ግግሩ ሥር ድፍርስ ሆኖ የሚወጣው እዚያ ነው። ድሮ ተሳላሚው ከታች ከሜዳው ተነስቶ ሳምንታት ይጓዝ ነበር።

በ2016 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) መንግሥታቸው ወደእነዚህ ቦታዎች የሚወስደውን 900 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላስፋ ብሎ ተነሳ። ጸቤ እዚህ ላይ ነው። ሂማላያ ገና ከፍ እያለ ያለ ወጣት ተራራ ነው፣ ያስተማርኳችሁን ረሳችሁት እንዴ? ሥሩን ስትቆርጥበት ይናዳል። ይሄን የሚያህል ሥራ ሙሉ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ማለፍ ሲገባው፣ በትንንሽ ፕሮጀክቶች ተቆራረጠና ግምገማው ታለፈ። ያውም መቼ? ኬዳርናት ላይ በ2013 ጎርፍ ወርዶ ከ5,000 በላይ ሰው ከሞተና ከጠፋ ከሦስት ዓመት በኋላ! በ2023 ደግሞ በያሙኖትሪ መንገድ የሚቆፈረው የሲልክያራ ዋሻ ተደርምሶ 41 ሠራተኞች 17 ቀን ውስጥ ተዘግቶባቸው ቆዩ። ትልቁ ማሽን ተሰብሮ በመጨረሻ ደርሰው ያወጧቸው በእጅ የሚቆፍሩ ድሆች ናቸው።

«ይሄ የፈረንጅ ተቆርቋሪ ወሬ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ጂ. ዲ. አግራዋል የምህንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ፣ በኋላ መንኩሰዋል። ጋንጅስ ላይ ግድብ አይሠራ ብለው 111 ቀን ጾመው በ2018 በ86 ዓመታቸው ሞቱ። ወንዙን እናት የሚሉት እሳቸው ናቸው እኮ!

አሁን ወደ አሮጊቶቹ። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 መንገዱ 5.5 ሜትር ይበቃዋል ብሎ ነበር። በታኅሣሥ 2021 ወደ 10 ሜትር እንዲሰፋ የፈቀደው ለእነሱ አዝኖ አይደለም፤ ለቻይና ድንበር ጦር ማመላለሻ ነው። ጦሩ ያስፈልገው ይሆናል፣ እሱን ለብቻው መከራከር ይቻላል። ግን አሮጊቷን ከፊት አቁመው ከኋላዋ ታንክ አይለፍ። በ5.5 ሜትር መንገድ እኮ አውቶቡስ ያልፋል፣ እሷም ተቀምጣ ትደርሳለች። የቀረው 4.5 ሜትር ለማን እንደተቆረጠ አንተው ኮሜንት ላይ መልስልኝ።