ርካሹ መረብ ብዙ ያስከፍለናል

የፎገራ፣ የደራና የሊቦ ከምከም አርሶ አደሮች! ከደብረ ታቦር በላይ በጉና ሥር ያላችሁም አንብቡት፤ ርብና ጉማራ የሚነሱት ከእናንተ ዘንድ ነው።

የዛሬው ጉዳይ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። መረብ የሚሠራበት ክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተፈተለ ነው፤ ይለሰልሳል፣ ሲቀደድ ይጠገናል፣ ከያዙት ብዙ ያገለግላል። ሌላው ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ መስታወት የሚመስል ባለ አንድ ወጥ ክር ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ውኃ ውስጥ ስለማይታይም ብዙ ይይዛል። «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ይህ መረብ ቶሎ ይበጠሳል፣ ለመጠገንም አይመችም። ስለዚህ ይጣላል፤ ግን አይበሰብስም። ባለቤት ሳይኖረው ውኃ ውስጥ ዓሣና ወፍ ሲገድል ይኖራል። በዚያ ላይ ቶሎ ቶሎ አዲስ ስትገዙ ርካሽነቱ የት አለ?

የባሰው ደግሞ በክረምት ወንዝ አፍ ላይ መዘርጋቱ ነው። በጣና ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ መስከረም እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ይወጣሉ። ያኔ መንገዳቸውን በመረብ መዝጋት የዘር እህልን ፈጭቶ መብላት ነው። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ በኋላ የሆነውን እዩ፦ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ገደማ ባሉት 10 ዓመታት ነጭ ዓሣ በ75 በመቶ ቀንሷል። አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ግን ሕግ ብቻውን ወንዝ አይጠብቅም። የሚጠብቀው እዚያው ያለ ሰው ነው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። መረብ የምትገዙ የተፈተለውን፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነውን ግዙ፤ ትንሹ ዓሣ አልፎ ይደግ። በመንጠቆ ለምታጠምዱ ግን ወጥ ክር ጥፋት የለበትም፤ ትንሹን በሕይወቱ መልሳችሁ መልቀቅ ትችላላችሁና። ለቀረሶ ቀጭኑ ይበቃል፤ ለአምባዛ ወፍራሙን ያዙ። ከመጣላችሁ በፊት ክሩን በጥፍራችሁ ዳብሱት፤ ከሻከረ ወይም ከተጫረ ያንን ቦታ ቆርጣችሁ አውጡት። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በውኃ አርጥቡት፤ ደረቁን ከጎተታችሁት ይሞቅና ይደክማል። ፀሐይም ናይለንን ስለምትጎዳው ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። የተበጠሰውን ሰብስባችሁ ወደ ቤት ይዛችሁ ግቡ፤ ሐይቁ ውስጥ አትጣሉት።

የላይኞቹ ደግሞ አደራ፣ ወንዝ ውስጥ ብርብራ አትበትኑ፤ ትልቁንም ትንሹንም አብሮ ይጨርሳል።

ሦስት ወር ወንዙን እንተውለት። ዘጠኙ ወር ለእኛ ይበቃል።

ላልሰማው ጎረቤታችሁ አሰሙ።