የውጅግራው አፈሙዝ ይመለስለት

«ጠመንጃ ጠመንጃ ነው፤ ተመልካቹ የሚፈልገው ጩኸቱን ብቻ ነው።» ይህን አባባል የሰማሁት ስለ ዐድዋ ጦርነት በደረስሁት ተውኔት ልምምድ ላይ፣ ዕድሜውን በመድረክ ሥራ ካሳለፈ ባልደረባዬ አንደበት ነው። አባባሉ የእርሱ የብቻው ቢሆን ኖሮ እዚያው ተከራክረን በተለያየን ነበር። ዳሩ ግን የካቲት 23 በመጣ ቁጥር በየትምህርት ቤቱ በሚቀርቡት ትርኢቶች፣ በየፊልሙና በየቴሌቪዥኑ ድራማ ሥር ሰድዶ የሚታይ አመለካከት ስለሆነ በጽሑፍ መልስ መስጠት ግድ ሆኖብኛል።

የክርክሩ መነሻ አንድ የአርበኛ ቤተሰብ ለትርኢቱ ያዋሰን አሮጌ ውጅግራ ነው። ሰደፉ በእጅ ብዛት ተወልውሏል፤ መዝጊያው ዛሬም ልስልስ ብሎ ይከፈታል። አፈሙዙን ለሚያስተውል ሰው ግን አንድ ነገር ይጎረብጠዋል፤ ቀዳዳው ጠባብ ነው። የውጅግራ አፈሙዝ 11 ሚሊሜትር ሲሆን የዚህኛው 8 ነው። ውስጡም በዝገት ተበልቶ እርሳሱን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ ጠፍቷል። በብረት ሥራ ያረጁ አንድ አባት መሣሪያውን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ይህ የሌላ ጉሮሮ ተተክሎለታል፤ የራሱን መልሱለት» አሉ። 11 ሚሊሜትር የሆነ አዲስ አፈሙዝ ይበጅለት፣ እርሳስ በሌለውና ጥቁር ባሩድ ብቻ በተሞላ ቀለህ ይተኩስ ማለታቸው ነበር። ከእኔና ከእርሳቸው በቀር ያልሳቀ አልነበረም። «ጥይቱ ከገበያ ለጠፋ ጠመንጃ አፈሙዝ መትከል? ከተከሉለት አይቀር ዛሬ የሚገኘውን ጥይት የሚጎርስ ይተከልለት እንጂ!»

የሳቁት ሰዎች የመሣሪያውን ታሪክ ቢያውቁት ኖሮ ሳቃቸው ባጠረ ነበር። ውጅግራ የፈረንሳይ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ የሠሪውን የባዚል ግራን ስም የያዘ፣ መዝጊያው በእጅ እየተከፈተ አንዲት ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ያሉትን ሕዝባችን በአንደበቱ አሽቶ ውጅግራ አደረገው። ጥይቱ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስና 5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ ሲይዝ፣ እርሳሱ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይወረወራል። እ.ኤ.አ. በ1886 እኛ ለበን የምንለው የለቤል ጠመንጃ ጭስ አልባ ባሩድን ይዞ ሲመጣ፣ ፈረንሳዮች በጥድፊያ ላይ ስለነበሩ የአዲሱን የ8 ሚሊሜትር ጥይት ቀለህ ያወጡት የውጅግራውን ቀለህ አንገት በማጥበብ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ፈንድቶ ጠመንጃ ባጠራቸው ጊዜም ይህንን ዝምድና ተጠቅመው፣ በየግምጃ ቤቱ ከተከማቹት ውጅግራዎች ሰፊውን አፈሙዝ እየነቀሉ 8 ሚሊሜትር ተከሉባቸው። ጣሊያኖችም በዚያው ጦርነት፣ ዐድዋ ላይ ወታደሮቻቸው ይዘውት በነበረው በ10.35 ሚሊሜትሩ ቬተርሊ አፈሙዝ ውስጥ ቀጭን ቱቦ እየከተቱ የ6.5 ሚሊሜትር ጥይት አጉርሰውታል። ይህ የችግር ጊዜ ብልሃት ነበር። ለጥቁር ባሩድ ለስላሳ ግፊት የተሠራ መዝጊያ የጭስ አልባውን ባሩድ ጉልበት እንዲሸከም ተገደደ።

እንግዲህ «ዛሬ የሚገኘው ጥይት ይጉረስ» የሚለው ሐሳብ ዘመናዊነት ሳይሆን የአደጋ ጥሪ ነው። የውጅግራ መዝጊያ እንደ ዘመኑ ጠመንጃዎች ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የለውም፤ ግፊቱን ሁሉ የሚችለው የእጀታው ሥር ያለው አንድ ደንደሳም ብረት ብቻ ነው። ተኳሹ ጉንጩን የሚያሳርፈው ደግሞ ከዚሁ መዝጊያ አጠገብ ነው። ወደ አሮጌው ጥይት መመለስ ግን ሸክሙን ያቀልለታል። ሥራው ቀላል ነው አልልም። አዲሱ አፈሙዝ ከአካሉ ጥርስ ጋር ቀጥ ብሎ መገጠም፣ የጥይቱ መጉረሻ በልክ መፈልፈል፣ በመዝጊያው ፊትና በቀለሁ ከንፈር መካከል ያለው ክፍተትም በፀጉር ስንጥቅ መለካት አለበት፤ ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ ይቀደዳል። ቢሆንም ልምድ ያለው ሠራተኛ ይችለዋል፤ ቀለሁም ከለበን ቀለህ ጋር የአባትና የልጅ ዝምድና አለው።

ይህ ሁሉ ለኪነ ጥበብ ምን ይፈይዳል? አንዲት ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ተዋናይ መዝጊያውን ይከፍታል፤ ትኩስ ቀለህ ይወድቃል፤ እጁ ወደ ዝናሩ ይሄዳል፤ ያጎርሳል፤ ይዘጋል፤ ያነጣጥራል። በሁለት ተኩስ መካከል እስትንፋስ አለ፤ ፍርሃትም፣ የጓደኛን ስም መጥራትም በዚያች እስትንፋስ ውስጥ ይገባሉ። በእኔ ተውኔት ሁለተኛ ክፍል አንድ ዘማች ለወንድሙ የሚናገራቸው አራት መስመሮች የተጻፉት ለዚያች ክፍተት ነበር። በልምምዱ ላይ የቡድኑ ሰዎች ካርታው ሙሉ የሆነ ዘመናዊ መሣሪያ ለተዋናዩ ቢሰጡት፣ መስመሮቹን የሚናገርበት ቦታ አጥቶ እየተኮሰ ጮኸባቸው። ጥፋቱ የተዋናዩ አልነበረም።

ጭሱም አለ። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጭስና ጥላሸት ይለወጣል። በሺህ የሚቆጠሩ ውጅግራዎችና ወጨፎዎች በአንድ ጠዋት በተተኮሱበት ተራራ ላይ ሰው ወንድሙን የሚለየው በድምፁ ነው። ፊልሞቻችን ግን ዐድዋን እንደ መስቀል ደመራ ማግሥት ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ያሳዩናል።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ከዚህም የከፋ ነው። «ጠመንጃ ጠመንጃ ነው» የሚለው ቸልተኝነት አንድ እርምጃ ሲሄድ «ጠመንጃም አያስፈልግ፤ ጦርና ጋሻ ይበቃል» ወደሚል ትርኢት ያደርሳል። ልጆቻችን በየዓመቱ ጎራዴና ጦር ብቻ ይዘው ወደ መድፍ ሲሮጡ ይታያሉ። ያማረ ትርኢት ነው፤ ግን እውነቱን ይሸፍናል። በዐድዋ ጦርና ጋሻ የያዘ ብዙ ሰው ነበረ። ይሁንና ከጎኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጠመንጃ ተሰልፎ ነበር፤ ያም ከሰማይ አልወረደም። በዝሆን ጥርስና በወርቅ ተገዝቷል። ያ ጥርስና ያ ወርቅ በብዙው የመጣው ከደቡቡ ሕዝብ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃዱ። በ1881 ዓ.ም. ወደ ሮማ የተጓዘው የደጃዝማች መኮንን ልዑክ ከጣሊያን 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተዋውሏል፤ ከዚያ ብድር የተወሰነው ለጠመንጃ መዋሉን መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቢነግሯቸው፣ ከአሥር ሽለላ ይልቅ የዲፕሎማሲን ትርጉም ያስተምራቸዋል። ሣጥኖቹን ከባሕሩ ዳር በበረሃ ያጓጓዙት የግመል ነጂዎች፣ ስንቅ የፈጩት ሴቶች፣ ግብር የከፈለው ገበሬ ሁሉ በውጅግራው አፈሙዝ ውስጥ አሉ። ጠመንጃውን ከመድረክ ያወጣ እነርሱን አብሮ ያወጣል፤ የሚቀረው ተአምር ነው።

ገጣሚ ስለሆንኩ አንድ ነገር በመንገዴ ላንሣ። በ1879 ዓ.ም. ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ወደ ሸዋ ከመጡት ነጋዴዎች አንዱ ግጥም መጻፍ ያቆመው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነበር። ያመጣው ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ውጅግራ እንኳ አልነበረም፤ በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት ባለ ካፕሱል መሣሪያ ነበር። ንጉሡም በዋጋው አጥብቀው ተከራክረው እርሱ ካሰበው እጅግ ያነሰ ከፈሉት። የእኛ ሰዎች በዚያን ዘመን አንዱን ጠመንጃ ከሌላው ለይተው ያውቁ ነበር። ሰናድር፣ ወጨፎ፣ ውጅግራ፣ ለበን እያሉ የሚፎክሩት ቃላቱ ስላማሩ ሳይሆን እያንዳንዱ ስም ዋጋ፣ ርቀትና ማዕረግ ስለነበረው ነው። ዛሬ ፉከራውን የሚያስተምረው መምህር ስሞቹን ሲደረድር ለተማሪው አንዱን እንኳ ማሳየት ካልቻለ፣ ፉከራው ባዶ ቀለህ ሆኗል።

ከተቃዋሚዎቼ አንዱ ግን ክብደት ያለው ነገር ተናግሯል። «የ8 ሚሊሜትሩ አፈሙዝም ታሪክ ነው፤ ነቅለህ ብትጥለው አንድ ዘመን ታጠፋለህ» አለኝ። ተቀብዬዋለሁ። በሙዚየም የተቀመጠ፣ ውስጡ ደህና የሆነ፣ ማኅተሙ የሚነበብ መሣሪያ በማንም መዶሻ ሊነካ አይገባም፤ የተለወጠውም እንደተለወጠ ይቆይ። እኔ የምለው ውስጡ በዝገት አልቆ ከብረትነት በቀር ምንም ስላልቀረው አፈሙዝ ነው። እርሱም ቢሆን ከተነቀለ በኋላ ተቀብቶና ተጽፎበት ከጠመንጃው ጋር ለባለቤቶቹ ይመለስ። ቤተሰቡን ጠይቀናቸው በዚህ ተስማምተዋል።

ወጪው ብዙ ነው ለሚሉት፣ የዚያው ትርኢት የአልባሳት ወጪ ከዚህ እንደሚበልጥ ሒሳቡን አሳይቻቸዋለሁ። ሕጉንም አልዘነጋሁም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ስላለ ያለ ፈቃድ አንድ ብሎን እንኳ አይፈታም። በአዳራሽ ውስጥም ባሩድ አይቃጠልም፤ እዚያ የመዝጊያው መከፈትና መዘጋት፣ የቀለሁም በእንጨቱ ላይ መውደቅ ይበቃል። ተኩሱ ለሜዳ ትርኢትና ለፊልም ነው። አዛውንቱ ብረት ሠራተኛ ልኩን ወስደው ሄደዋል። ሁለተኛውን ክፍል እርሳቸው እስኪመለሱ ድረስ አናለማመድም ብያለሁ፤ ባልደረባዬም ገና አኩርፎኛል።